ስልሳ ክሮች

ልጅቷ በክፍሉ መስኮት ስታይ ሰው በሩጫ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይጎርፋል። አንዲት እናት አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ጫማዋ የት እንደወለቀ ያወቀች አትመስልም።

«ምን ተፈጠረ?» አለች ልጅቷ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ስልኳን አሳየቻት። «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣም» ይላል ከትምህርት ቤቱ የተላከው መልእክት።

«እናቴ ናት የላከችልኝ። የት ነሽ እያለች ልታብድ ነው። ይሄ ነገር ሁሉም ቤት ገብቷል አሉ።»

ልጅቷ ክው አለች።

ቀሪ ሲኖር ለወላጅ መልእክት የሚልከው የትምህርት ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ነው። ትናንት የኮምፒውተር መምህሩ አሠራሩን ሲያሳዩዋት ስልክ ተደወለላቸውና «መጣሁ፣ ምንም እንዳትነኪ» ብለዋት ወጡ። እጇ ግን አላረፈም። መልእክቱ ቶሎ እንዲደርስ ብላ የሚላክበትን ሰዓት ወደ ጠዋቱ ደወል ሳበችው። መምህሩ «ክሮች» የሚሏቸው፣ ሥራውን ተከፋፍለው የሚሠሩት የሰርቨሩ እጆች ደግሞ አራት ብቻ ነበሩ። አራት ምን ይሠራል ብላ ስልሳ አደረገቻቸው። ስትነግራቸው የሚገረሙት መገረም እየታያት በልቧ ስቃለች።

ስም የሚጠራው ግን ከደወሉ በኋላ ነው። ደወሉ ሲጮኽ ሰርቨሩ መዝገቡን ባዶ አገኘውና ዘጠኝ መቶውንም ተማሪ ቀሪ አለ። አራት ክሮች ቢሆኑ ኖሮ ገና ጥቂት ቤት እንደደረሰ አንድ ሰው ያስቆመው ነበር። ስልሳዎቹ ግን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ወደ ግቢው ሲወጡ ያደረገችውን ለጓደኛዋ ነገረቻት። ግቢው ውስጥ አባቷን አየችው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣው። እጇን ለቀም አደረገና ፊቷን ትክ ብሎ አየ።

«አለሽ?» አላት። «አለሽ እንዴ?»

ከዚያ እጇን ሳይለቅ የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። አባቷ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

ከኋላቸው፣ ከቢሮው፣ የርዕሰ መምህርቷ ድምፅ ይሰማል።

«የተቀየረው በእርስዎ የይለፍ ቃል ነው! ሌላ ማን ሊነካው ይችላል?»

«እኔ አልነካሁትም» አሉ መምህሩ። «ግን ክፍት ትቼው የወጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ!»

ጓደኛዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስምሽን አልጠሩም እኮ! ዝም በይ። ቫይረስ ነው ይባልና ያልፋል። ፋራ አትሁኚ።»

ልጅቷ እጇን ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አባዬ፣ እዚሁ ጠብቀኝ።»

«ወዴት ነው? ገና አሁን አገኘሁሽ!»

«እዚህ ቢሮ ነው። አልርቅም።»

በሩን አንኳኳች። ርዕሰ መምህርቷ ዞር አሉ። «ቆይ ልጄ፣ ሥራ ላይ ነን።»

መምህሩ አዩዋት፤ ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ፣ ተመለሺ እንደማለት።

ልጅቷ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።