የታችኛው መንጋጋ

ሐኪሙ የተሳሳተ ቃል ተናገረ።

«እህቴ፣ ይቺን እዪልኝ። ንክሻዋ አልገጠመም» አለና ትንሿን የካርቶን ሣጥን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

መርፌ ደነገጠች። የተስማሙበት ቃል ይሄ አልነበረም። «ቀለሟ ነጣብኝ» ማለት ነበረበት። እሷ ደግሞ «በመስኮት ብርሃን ልየው» ብላ ሣጥኑን ትቀበላለች፣ በቃ። ስድስት ወር የተለፋበት ነገር እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሰውየው ግን ዐይኗን እንኳ ሳያይ ሌላ ተናገረና ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የተናጋሪ ባጅ እያስተካከለ ወደ ትልቁ አዳራሽ ሄደ።

ሁለት ሰዎች ተከተሉት።

ከጠዋት ጀምሮ ስታያቸው ነው የዋለችው። በሰው ሠራሽ ጥርስና በጥርስ ተከላ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ነፃ ነገር የሚንቅ ሰው የለም። አንቱ የተባሉት ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ ከየጠረጴዛው ብሩሽና እስክሪብቶ እየለቀሙ ከረጢታቸውን ሊቀደድ እስኪደርስ ሞልተዋል። ሁለቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ናቸው። ባጃቸው «ዶክተር» ይላል። «የነዚህ ሕክምና ማውለቅ ብቻ መሆን አለበት» ብላ ጠዋት በሆዷ ቀልዳ ነበር። አሁን አላሳቃትም።

መርፌ የምስጢር ስሟ ነው። ጉባኤተኛው የሚያውቃት በአንድ ላቦራቶሪ የጥርስ ቴክኒሺያንነቷ ነው፤ ነጭ ጋወን፣ በጀሶ የደረቁ ጣቶች። ሙያውን ለሽፋን ብላ ነበር የጀመረችው። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን የሰው ፊት ትረሳለች እንጂ ያየችውን ጥርስ አትረሳም። በነዚያ ዓመታት ጓዶቿ አንድ በአንድ ተለቀሙ፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት። ከውስጥ የሚሸጣቸው ሰው አለ። ሐኪሙ የወዲያኛውን ወገን መኮንኖች ጥርስ ያክማል፣ ሻጩንም በዐይኑ አይቶታል። ማንነቱን በሣጥን እልካለሁ ብሎ ነበር። ሻጩ ካልታወቀ፣ አራተኛዋ እሷ ናት።

ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ፣ ምሳ በላሽ?»

«እየበላሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ቶሎ በይ። የኋላው በር ላይ ነኝ፣ መኪና ውስጥ። ለእኔ ብቻ፣ እጅ በእጅ። ሰማሽ?»

«እሺ ጋሼ።»

ድምፁን ስትሰማ ነፍሷ መለስ አለ። ጋሼ አለቃዋ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ቀብር እንዳትሄድ የከለከላት እሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ አብሯት ቁጭ ብሎ ያደረውም እሱ ነው።

ሣጥኑን ከፈተች። ሁለት የጀሶ ቅርጾች፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ። ወረቀት የለም። ፊልም የለም። ጀሶውን በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው፤ ድፍን ነው። ከዚያ እጇ የለመደውን ሠራ፤ ሁለቱን አንስቶ አፍ ለአፍ ገጠማቸው።

አልተዘጉም።

ደግማ ሞከረች። የላይኛው የአንድ ሰው፣ የታችኛው የሌላ ሰው ነው። የሁለት ታካሚ ቅርጽ ማደባለቅ ጀማሪ ተማሪ እንኳ የሚያፍርበት ስህተት ነው። እሱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው ነው። አውቆ ነው ያደረገው።

ከአዳራሹ በር በላይ በተሰቀለው ስክሪን ሐኪሙ ንግግሩን ሲጀምር ይታያል። ፈገግ አለ። የፊት ጥርሶቹ ፍንጭት ናቸው። መርፌ በእጇ ወደያዘችው የላይኛው መንጋጋ ዐይኗን መለሰች። ያው ፍንጭት። የራሱን አፍ ነው የላከው፤ «መልእክቱ የእኔ ነው» ማለቱ ነው።

ታዲያ የታችኛው የማን ነው?

ገለበጠችው። በግራ በኩል የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ወደ ምላስ ያዘነበለ ነው። ከፊቱ ያለው ሰው ሠራሽ ነው፤ ጀርባው ላይ በጥፍር የተጫረ የምትመስል ጎድጓዳ አለች። ጣቷን አስገባችበት። የራሷ ሞረድ የተወው ምልክት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ላቦራቶሪውን ከውስጥ ቆልፋ፣ ጥርሱ ለተሰበረበት ሰው በገዛ እጇ የሠራችው። «ምላሴን ቆረጠኝ እኮ፣ ልጄ» ሲላት ሞረደችለት። «እጅሽ ይባረክ» ብሏት ነበር።

የጋሼ አፍ ነው።

ሻጩ እሱ ነው። ሐኪሙ የሻጩን ስም አያውቅም። መኮንኖች ይዘውት መጥተው ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጡት ሰው ስሙን አይናገርም፤ አፉን ግን ይከፍታል።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ሰዎች በመድረኩ ግራና ቀኝ ቆመዋል። በሦስት መቶ ሰው ፊት ግርግር አልፈለጉም፤ እስኪጨርስ እየጠበቁት ነው። ለአንድ ተናጋሪ የተፈቀደው ሃያ ደቂቃ ነው። እሷ ቅርጾቹን ስታገላብጥ ሃያው አልቆ ደወሉ ጮኸ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» አለ ሐኪሙ።

ሰዉ ሳቀ። ሁለተኛው ደወል ጮኸ። «ስለ ድድ ሳልናገርማ አልወርድም!» አለና ስለ ድድ ጀመረ። መድረክ መሪዋ ሰዓቷን አሳየችው። እንዳላየ አለፈ። መርፌ ገባት። ጊዜ እየሰጣት ነው። ከዚህ በኋላ የሚናገራት እያንዳንዷ ቃል ለእሷ ናት።

ሮጠች ማለት አይቻልም፣ የሚሮጥ ሰው ይታያል። ግን የታችኛውን መንጋጋ ይዛ ሄደች። ጥግ ላይ የፈጣን መልእክት ጠረጴዛ አለ። ላቦራቶሪዎች በየቀኑ መንጋጋ ይላላካሉ፤ የጀሶ ጥርስ የሚፈትሽ የለም። በሌላ ከተማ ያለ የአንድ ክሊኒክ አድራሻ በቃሏ ይዛለች። ከጋሼ በላይ ላሉት የሚደርስ፣ እሱ የማያውቀው፣ ለክፉ ቀን ብቻ የተሰጣት። ቅጹ ላይ «የታካሚው ስም» ይላል። «ጋሼ» ብላ ጻፈች።

«ያስቸኩላል እንዴ፣ የኔ እናት?» አለች ተቀባይዋ።

«ሰውየው ማኘክ አቅቶት ነው።»

«ውይ በሞትኩት! በቃ ዛሬውኑ ትሄዳለች።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ልጄ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።»

«መጣሁ ጋሼ።»

ካልሄደች ጋሼ በሮቹን ሁሉ ያዘጋባታል። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ለማሳያ ከተደረደሩት ቅርጾች አንድ ጥንድ አንስታ ካርቶኑ ውስጥ ከተተች። የሐኪሙን የላይኛውን መንጋጋ ሱሪ ኪሷ ውስጥ ጨመረች። በአዳራሹ በር ስታልፍ ሐኪሙ ከመድረክ አያት። አገጯን ነካ አድርጋ ጥርሷን ገጠመች።

ንግግሩን መሀል ላይ አቋረጠ።

«ጨርሻለሁ። አመሰግናለሁ» አለ። ፊቱ በላብ ርሷል።

ሰዉ ተገላገልኩ ብሎ አጨበጨበ። ሁለቱ ሰዎች ልክ እንደሚያከብሩት አድርገው ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። መርፌም አጨበጨበች። ካላጨበጨበች ትታያለች።

ጋሼ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገ። ሣጥኑን ተቀበለ።

«ማንም አልተከተለሽም?»

«ማንም።»

«ግቢ። እንሂድ።»

የመኪናው የኋላ በር ከውስጥ ተከፈተ። ወንበሩ ላይ አንድ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል።

«ጠረጴዛዬን ጥዬ ከጠፋሁ ይጠረጥሩኛል» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ጋወኔን መልሼ፣ ፈርሜ ልምጣ። አምስት ደቂቃ።»

ጋሼ ትክ ብሎ አያት። ኪሷ ውስጥ ያለው ጀሶ ጭኗን ይወጋታል። ከዚያ አፉን ከፍቶ ሳቀ፤ ከወደ ውስጥ የሠራችለት ጥርስ ብልጭ አለች።

«አምስት ደቂቃ፣ ልጄ።»

የሆቴሉ በር ከኋላዋ እንደተዘጋ ጋወኑን አውልቃ የቆሸሸ ጨርቅ መሰብሰቢያ ውስጥ ወረወረችው። በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አቋርጣ በፊት ለፊት ወጣች። የመጀመሪያው አውቶብስ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም።

አሁን በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ የአዝራር ቀዳዳ ትሠራለች። በሦስተኛው ሳምንት ጋዜጣ ላይ የጠበቀችው ማስታወቂያ ወጣ፤ «ለታካሚያችን የተላከው ጥርስ ገጥሟል።» ጋሼ ተይዟል ማለት ነው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። እናቷ የሞተች ሌሊት እንዴት አብሯት እንደተቀመጠ አስታወሰችና አለቀሰች።

ዓመቱ ሲዞር ማኅበሩ የቀጣዩን ጉባኤ ጥሪ አወጣ። ስለ ሐኪሙ አንዲት ቃል የለም። ከታች በደማቁ ተጽፏል፤ «ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚናገር ተናጋሪ ድምፅ ማጉያው ይዘጋበታል።»

የላይኛውን መንጋጋ መስበር ነበረባት። ደንቡ እንደዚያ ነው። አልቻለችም፤ መስኮቷ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ቀን አከራይዋ ለማሳጠር ቀሚስ ይዛ ገባችና አየችው።

«የማን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

«የአጎቴ።»

«ፍንጭት ነበሩ እንዴ! ደስ ሲሉ። በሕይወት አሉ?»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። መርፌ መቀሷን ጨበጠች። ኮቴው አልፎ ሄደ፤ ጎረቤት ነው።

«ወሬ ከጀመሩ አያቆሙም ነበር» አለችና ቀሚሱን ተቀበለቻት።