አባቷ ያየላት ወፎች

«ለዓርብ ስንት አየሁ ልበል? ስድስት ይበቃል?» ቀጮ እስክሪብቶዋን እያኘከች ጠየቀች።

«ሰባት በይው፤ ማን ቆጥሮ ያውቃል!» አለች ጓደኛዋ ፍንጭት።

ተሳሳቁ። የሳይንስ መምህራቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማለዳው ጓሮ ወጥተው የሚያዩትን ወፍ እንዲመዘግቡ አዘዋቸው ነበር፤ ሃያ ማርክ አለው። ፍንጭት ግን የማለዳ እንቅልፍ ከማር ይጥማታል። አንድም ቀን አልወጣችም። እነሆ ቅዳሜ ሆነና ሁለቱም ከመጽሐፍ እየገለበጡ አሥራ አንድ ዓይነት ወፍ ሞሉ። ሰጎን ብቻ ነው የቀረው።

ፍንጭት ቤት ስትገባ አባቷ የጓሮው በር ደፍ ላይ ጀሶ ያለበትን እግሩን ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ተቀምጧል። አናጢ ነው። ከወር በፊት ጣሪያ ሲመታ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ከስብራቱ ይልቅ ግን የሚያመው ሥራ መፍታቱ ነው።

«ነይ እስቲ፣ አለቃ!» አለና አንድ የመድኃኒት ካርቶን ሰጣት። ጀርባው በእርሳስ ተሞልቷል።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ስለ ወፎቹ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰማሁ። እኔን እንደሁ እግሬ በማለዳ ይቀሰቅሰኛል። ከእንቅልፍሽ ልቀሰቅስሽ አሳዘንሽኝና እኔው አየሁልሽ።»

ፍንጭት አነበበች። «ሰኞ፦ ድንቢጥ፣ አምስት። አንዷ ጉልበተኛ ናት። ማክሰኞ፦ ዋኖስ፣ ሁለት። ባልና ሚስት ይመስሉኛል፤ ተኳርፈዋል። ረቡዕ፦ ዝናብ። ማንም አልመጣም። ሐሙስ፦ ቁራ፣ አንድ። ሳሙናችንን ይዞ ሄደ።»

«እማዬ እኮ እኔን ነው የተቆጣችኝ!» በሳቅ ፍርስ አለች።

«የትናንቱን ስሚ!» የአባቷ ዓይን በራ። «ግንደ ቆርቁር! ያን የደረቀ ግንድ ሲቀጠቅጠው አረፈደ። መዶሻ የለው፣ መሮ የለው! የሙያ ባልደረባዬ መጣልኝ ብዬ እግሬንም ረሳሁት። ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም። ያንቺ የቤት ሥራ ነው ያወጣኝ፤ ተባረኪ።»

ፍንጭት ካርቶኑን ከመጀመሪያው ደግማ አነበበችው።

«አራት ዓይነት ብቻ ሆነ እንጂ» አለ ቀጥሎ፣ ቅር ብሎት። «ማርክ ይቀንሱብሽ ይሆን?»

«ይቀንሱ።»

ክፍሏ ገብታ ደብተሯን ገለጠች። አሥራ አንዱ ወፎች በሁለት ቀለም ተጽፈው ያምራሉ። ገጹን ቀድዳ አወጣችውና በአዲስ ገጽ ላይ ካርቶኑን ቃል በቃል ገለበጠች፤ ዝናቡንም፣ ሳሙናውንም። ከላይ «ያየው፦ አባቴ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፦ «እኔ ተኝቼ ነበር።»

ከዚያ ተመልሳ ወጣች።

«አባዬ፣ ነገ ስትነሳ ቀስቅሰኝ።»

«የቤት ሥራው አለቀ አይደል እንዴ?»

«ያንተ አልቋል። እኔ ገና አንድም አላየሁ።»

አባቷ የታሰረ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ፈቀቅ አለና ደፉ ላይ ቦታ ለቀቀላት።