ካልጠየቁሽ

«ካልጠየቁሽ አትናገሪ፤ ይኸው ነው» አለች ዓይናለም የልጇን ኮሌታ እያስተካከለች። «ይሄ እኮ መዋሸት አይደለም።»

ሄራን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ወር በፊት በእናቷ የጴንጤ ቸርች፣ ማንም ሳያስገድዳት በውሃ ተጠምቃለች። አባቷ ይልቃል ግን አይሁዳዊ ነው፤ የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ። የዚያን ቀን «የራስሽ ውሳኔ ነው» ብሏት ወጣና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በሰው አገር የሚኖሩበትን ሰፈር፣ ሚራክል ማይልን፣ ብቻውን በእግሩ ሲዞር ቆየ።

አሁን ደግሞ የይልቃል አባት፣ አባባ ዘለቀ፣ ከእስራኤል መጥተዋል። ልጃቸው ክርስቲያን ሲያገባ ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ ለአሥራ ስድስት ዓመትም ስልኩን አላነሱም። ኤርፖርት ላይ ይልቃል እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ሄራን አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄራንና አያቷ ለሰንበት ፍራፍሬ ሊገዙ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ መንገድ ወጡ። ሽማግሌው በአማርኛ የተጻፈ ነገር ባዩ ቁጥር እየቆሙ ጮክ ብለው ያነባሉ። መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ክንዷን ያዙ።

«ዛሬ ሰንበት ሲገባ ከጎኔ ትቆሚያለሽ። እጄን ጭኜ እመርቅሻለሁ። ለዘመዶቻችንም፣ የይልቃል ልጅ ከእኛው ናት ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

አልጠየቋትም። ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን እሳቸው ያልሆነችውን ለዘመድ ሁሉ ሊናገሩ ነው።

«አባባ፣ አንዴ ይቁሙ» አለች። «እኔ... ተጠምቄያለሁ። በእማዬ ቸርች። ፈልጌ ነው።»

አባባ ዘለቀ እጃቸውን ከክንዷ ላይ አነሱ። የእግረኛው መብራት በራ፤ እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

«አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ግን እሱን አይቆጡት፣ ፕሊስ። የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

«ምነው ባትነግሪኝ!» አሉ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባባ ዘለቀ ለጸሎት ሳሎን ውስጥ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ቆሙ። ይልቃል ከቀኛቸው ቆመ። ሄራንን ማንም አልጠራትም። እናቷ ከኩሽና ሆና ወደ ክፍሏ እንድትገባ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

ሄራን አልገባችም። አባባ በግዕዝ የሚሉት አይገባትም። ወንበር ስባ ከኋላቸው ተቀመጠችና እስኪጨርሱ ድረስ አዳመጠች።

ሲጨርሱ ዞር ብለው አዩዋት። አልመረቋትም።

«ነገ ጠዋትም እጸልያለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለች ሄራን።