የበረኛዋ ሣር

«‹ይዟል› በያቸው! አንድ ቃል ናት፤ ምን ታካብጃለሽ?»

ጥይት ጎሉ ፊት ከተወጠረው ገመድ ውጭ ቆማ በሹክሹክታ ትጮኻለች። ሙጫ ገመዱን ተሻግራ አዲሱ ሣር ዳር ተንበረከከች። ኳስ እጇ ላይ ስለሚጣበቅ ቡድኑ በሙሉ ሙጫ ይላታል። ጥይት ደግሞ የቡድኑ አጥቂና የልብ ጓደኛዋ ናት። ከኋላቸው፣ ከቡድኑ ልጆች ጋር፣ የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን በጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቃል። ቅዳሜ የትምህርት ቤቶች የዋንጫ ጨዋታ አለ። ሣሩ ሥር ከያዘ ጨዋታው እዚሁ፣ በገዛ ሜዳቸው ይሆናል። ካልያዘ ግን የተጋጣሚያቸው ጠጠራም ሜዳ ላይ ነው። አምና ሦስት ለባዶ የተሸነፉት እዚያ ነበር፤ ሙጫም ሁለቱም ክርኖቿ ተልጠው ነው የተመለሰችው።

ፍርዱ እሷ እጅ የወደቀው በአባቷ ምክንያት ነው። የሜዳው አትክልተኛ እሱ ነው። ጠዋት መምህሩ ሲጠይቀው ራሱን እያከከ፣ «እኔ ካልኩማ ‹ድሮም ለሣሩ ይሰስታል› ትሉኛላችሁ። እሷ በረኛ ናት፤ እሷው ፈትሻ ትንገራችሁ» አለ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ነበራ! በአቋራጭ ሣሩን የረገጠ ሰው፣ ርእሰ መምህሩም ቢሆን፣ ከእሱ ምላስ አያመልጥም።

ሙጫ ግን ስስቱ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ይህ ሜዳ ድሮ አቧራ ብቻ ነበር። ዝናቡ ያጥራል፣ ፀሐዩ ይከራል፤ ሣር ደግሞ በምኞት አይለመልምም። አባቷ ውሃ የሚያጠጣው ገና ሳይነጋጋ ነው፤ ያውም በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት ሁለቴ፣ እስኪጠግብ። በየቀኑ ጠብ ጠብ የሚደረግለት ሣር ሥሩ ይሰንፋል ይላል። «ሁሉን ነገር አፉ ድረስ የሚያቀርቡለት ልጅ አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው።» ውሃው ምን ያህል እንደሰረገ ለማወቅ ረጅም ካቻቢቴ መሬቱ ውስጥ ይሰካል፤ ያለ ትግል እስከ እጀታው ከገባ በቃ። በደረቅ ወራት ከሦስት ጣት በታች አያጭደውም፣ የሣሩ ጥላ የራሱን ሥር እንዲጋርድለት። ሰው እንደዋዛ የሚረግጠውን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይታ አታውቅም። በአባቷ ትኮራለች፤ አፍ አውጥታ ግን ነግራው አታውቅም።

ጎሉ ፊት ብቻ መላጣ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እየወደቀች መላጣ ያደረገችው ራሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ መሬቱን ቆፍሮ፣ ብስባሽ ቀላቅሎ፣ ከሜዳው ዳር የቆረጠውን የሰርዶ ሐረግ በስንዝር በስንዝር ርቀት ተከለበት። «ለዋንጫው ለስለስ ያለ ነገር ላይ ትወድቂያለሽ» ብሏት ነበር። አሁን ከላይ ሲያዩት ምንጣፍ ይመስላል።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ጭብጥ ሣር ተይዞ ቀስ ብሎ ይጎተታል። መሬቱ አልለቅም ካለ ይዟል።

ጎተተች። ሣሩ ምንም ሳያንገራግር ተነሥቶ እጇ ላይ ቀረ። ክር የመሰሉ ሦስት አራት ነጫጭ ሥሮች ተንጠልጥለውበታል። ሌላ ቦታ ሞከረች። ያም ተነሣ።

«ማንም አላየም» አለች ጥይት። «ቅዳሜን ብቻ ይቻል። ከዚያ አባትሽ መልሶ ይተክለዋል፤ ሥራው አይደል?»

ሙጫ እዚህ መጫወት በጣም ትፈልጋለች። እናቷ፣ ወንድሞቿ፣ ክፍሉ በሙሉ ዳር ቆመው ስሟን ሲጠሩ ይሰማታል። ግን አንድ የማዕዘን ምት ሲመታ ጎሉ ፊት ምን ያህል ታኬታ እንደሚተራመስም ታውቃለች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አልያዘም!» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ገና አሥር ቀን ይፈልጋል። እነሱ ሜዳ እንሂድ።»

መምህሩ «እሺ» ብሎ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ከልጆቹ መካከል «ኤጭ!» የሚል ተሰማ። ጥይትም «ሼም ነው!» ብላ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

አባቷ የውሃውን ቱቦ እየጎተተ መጣ። «እስቲ አሳዪኝ» አላት። ነጩን ሥር በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው።

«አባዬ፣ አለመያዙን እያወቅክ ለምን ራስህ ለቲቸር አልነገርከውም?»

«እኔ ብመልስ ኖሮ ‹ይዟል› ነበር የምለው፣ እናቴ» አለ አባቷ።

ሙጫ ቀና ብላ አየችው። ርእሰ መምህሩን የሚቆጣው ሰው ዓይኑን ከሣሩ ላይ አላነሣም።

«እዚያ ጠጠር ላይ ደግመሽ ስትወድቂ ከማይ…» ጀመረና ተወው።

ሙጫ ሣሩን ከእጁ ተቀብላ መልሳ ተከለችው፤ ዙሪያውንም በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። «ቅዳሜ ከጎሉ ኋላ ቁምልኝ» አለችው።

ከዚያ ጓንቷን እያጠለቀች በሜዳው ዳር ዳር፣ ሣሩን ሳትረግጥ ሮጠች። «ጥይት! ኳሷን ይዘሽ ወደ መኪና ማቆሚያው ነይ! እዚያ ጠጠሩ ላይ ምቺልኝ!»