በጋዜጣ የሞተችው ሮሲና

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም.፣ በየካቲት አጋማሽ፣ ከሽፒትስ የሚመጣው የፖስታ ሰረገላ በረዶውን እየሰነጠቀ ወደ ፍሩቲገን ሸለቆ ሲገባ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ መንገድ ላይ ወጥቶ የጠበቀው ሹም ይመጣል ወይም ሙሽራ ይገባል ብሎ አልነበረም፤ ጋዜጣ ይመጣል ብሎ ነበር እንጂ። ሐሙስ ሐሙስ በበርን ከተማ ጋዜጣ የሚወጣው «የሚያበራ እስትንፋስ» የተባለው ልቦለድ ሸለቆውን ማመስ ከጀመረ አምስተኛ ወሩን ይዟል፤ በዕለቱ ላም አላቢው ባልዲውን አስቀምጦ፣ የክብሪት ሠራተኛው የምሳ ዕረፍቱን ሠውቶ «ጥቁር ድብ» ወደተባለው መጠጥ ቤት ይሮጣል፤ ባለቤቱ አብርሃም ግሮሰንም አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ በጎርናና ድምፁ ያነብላቸዋል።

የልቦለዱ ደራሲ ጊልጊያን አለንባኽ የዚያው ሸለቆ ተወላጅ ነበር። አባቱ ለቅስና ወደ በርን ቢልከው ትምህርቱን ትቶ ብዕር አነሣ፤ በወጣትነቱ የጻፋቸው የተራራ ፍቅር ታሪኮች የከተማ ወይዛዝርትን ልብ አቅልጠው ስም አወጡለት። ታላቅ ወንድሙ ሳሙኤል ደግሞ የአባታቸውን የክብሪት ፋብሪካ ወረሰ። ድንጋያማው ምድር ከድንችና ከሣር በቀር የማያበቅል በመሆኑ የሸለቆው ሕዝብ የሚኖረው በክብሪት ነበር፤ የሚሞተውም በክብሪት ነበር። በክብሪቱ ራስ ላይ የሚቀባው ቢጫ ፎስፎረስ በተበላሸ ጥርስ ሾልኮ ገብቶ የመንጋጋ አጥንት ያበሰብሳል፤ የታመመ ሰው በጨለማ ሲተነፍስ ትንፋሹ እንደ ፋኖስ ያበራል። ይህን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ማንም ግን አያነሣውም ነበር። ጊልጊያን ስም ለዋውጦ ጻፈው፤ ነገር ግን ስሙን እንጂ ሰውን መለወጥ አልሆነለትም።

«ጸጥ በሉ!» አለ አብርሃም በዚያ ሐሙስ። «ምዕራፍ ሃያ አንድ!»

የልቦለዱ ጀግና ማግዳሌና፣ የክብሪት እንጨት በፎስፎረስ የምትነክረው፣ መንጋጋዋን ሐኪም ካወጣላት በኋላ በትንሿ ክፍሏ ተኝታለች። አብርሃም ቀጠለ፦ «... ማግዳሌናም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ያበራ የነበረው እስትንፋሷም ጠፋ።»

አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች፤ አንድ አናጢ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ከዚያ ግን ሁሉም ቀስ እያለ አንገቱን ወደ ምድጃው ዳር አዞረ። በዚያ፣ አገጯን በጥቁር ሻሽ የጠመጠመች፣ አርባ ዓመት የሞላት ሮሲና ቬፍለር ተቀምጣ ነበር፤ መንጋጋዋን ባለፈው ዓመት ሐኪም ያወጣላት እሷው ነበረች።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች በተኮላተፈ አንደበቷ። «ሾርባዬን እየጠጣሁ ነው።»

«ሮሲና፣ ነፍስ ይማር!» አላት ከወደ በሩ አንድ ቀልደኛ።

«አንተን ሳልቀብር ንቅንቅ አልልም!»

ሣቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። እሷ ግን ጋዜጣውን ተቀብላ ለብቻዋ ደግማ አነበበችው። ባለፈው በጋ የትምህርት ቤት ባልንጀራዋ ጊልጊያን ሊጠይቃት መጥቶ ነበር፤ ከልቡ ያዘነላት መስሏት ሕመሟን፣ ሐኪሟን፣ ፍርሃቷን ሳይቀር ዘርዝራ ነገረችው። እነሆ ሁሉም በጋዜጣ ወጥቷል፤ እሷ ያልነገረችው ሞቷ ብቻ ነው። በማግስቱ አንዲት መስመር ጽፋ በፖስታ ላከችለት፦ «ሞቼ እንደሆነ መጥተህ ቅበረኝ።»

ጊልጊያን በርን ሆኖ ደብዳቤውን ባነበበ ጊዜ ካፖርቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠ።

እሑድ ቀትር፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እርሱ ከሰረገላው ወረደ። ወዲያው የበረዶ እንክብል ተወረወረ፤ በውስጡ ድንጋይ ነበረና ግንባሩን ፈነከተው። ሳሙኤል የእሑድ ልብሱን እንደ ለበሰ ሕዝቡን ከፍሎ መጣ።

«የአስቆሮቱ ይሁዳ አልልህም» አለው። «እርሱ እንኳ የገዛ ወንድሙን አልሸጠም!»

«ወንድም ዓለም፣ አንዲት ሐሰት ጽፌ እንደሆነ አሳየኝ!»

«ሐሰት ነው ማን አለ?» ሲል አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ ጮኸ። «የሚያስርበን እውነቱ አይደለም እንዴ! በርን ያሉት ሰዎች ቢጫውን ክብሪት ከከለከሉ ምን እንበላለን? መጽሐፍህን?»

«ወንዝ ጨምሩት!» አለ ሌላው፤ ሕዝቡም ተገፋፍቶ ወደ ፊት መጣ።

«ተዉት!» አለች ሮሲና በመካከል ገብታ። «ለቀብሬ የመጣ እንግዳ አይደበደብም!»

ቁጡው ሕዝብ ሳይወድ ሣቀ። እርሷ ግን ወደ ደራሲው ዞራ አልሣቀችም።

«ጊልጊያን፣ ለምን ገደልኸኝ?»

«እኔ እኮ ... አንቺ አይደለሽም ሮሲና፤ ማግዳሌና ናት።»

«አታሹፍብኝ። የጥቁር ድብ ድመት ሳትቀር እኔ መሆኔን ታውቃለች።»

ጊልጊያን ደሙን በመሐረብ ጠረገ። «አንባቢው እንዲያለቅስ ብዬ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካላለቀሰ ማንም አይነቃነቅም።»

«አልቅሰውስ ምን አደረጉ? መሐረባቸውን አጥበው አሰጡ! የሞተች ሴት ይታዘንላታል እንጂ ማን ይፈራታል? በሕይወት ያለችዋ ናት የምትናገረው። አስነሣኝ።»

«ሞትሽ ታትሟል እኮ!»

«ያሳተምኸው ራስህ አይደለህ? አስነሣኝና በርን ውሰደኝ።»

ሳሙኤል ዘንጉን አነሣ። «ሮሲና፣ ከሄድሽ እኔ ዘንድ ሥራ የለሽም፤ ዕወቂው!»

«ጌታዬ ሳሙኤል፣ መንጋጋዬን እርስዎ ዘንድ ትቼዋለሁ፤ እሱ ይሥራልዎ» አለችና ሰረገላው ላይ ወጣች።

ምዕራፍ ሃያ ሁለት በሽፒትስ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጻፈ። ጊልጊያን በጉልበቱ ላይ ይጽፋል፤ ሮሲና በትከሻው በኩል ታነባለች።

«ሐኪሙ እንዲህ አላለኝም።»

«እንዲያምር ብዬ ነው።»

«አያምርም፤ አላለኝም። ሰርዘው።»

ሰረዘው። በሃያ ዓመት የድርሰት ሥራው ማንም እንዲህ አዝዞት አያውቅም ነበር፤ ግን ብዕሩ እንደዚያ ቀን ሮጦለትም አያውቅም። ማግዳሌና አልሞተችም፤ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ ከወጣ በኋላ ውኃ ጠየቀች፤ ሲነጋም «ልብሴን አምጡልኝ፤ የምሄድበት አለኝ» አለች። የጋዜጣው አዘጋጅ ጽሑፉን አንብቦ ራሱን ያዘ።

«አቶ አለንባኽ፣ ይሥቁብናል! ባለፈው ሳምንት ቀብረናት!»

«አልቀበርናትም። ያቻትና፣ ውጭ ቆማለች።»

አዘጋጁ በመስኮት አየ፤ ለረጅም ጊዜም አየ፤ ከዚያ ጽሑፉን ለማተሚያ ቤቱ ላከ።

ያ ሐሙስ እንደ ፋሲካ ሆነ! ጋዜጣው ገና ከማለዳው አለቀ፤ ያነበበው ላላነበበው እየጮኸ በበርን ድልድይ ላይ ይነግር ነበር፤ «ተነሣች! ማግዳሌና ተነሣች!» ተባለ። በዙሪክ ያሉ ሐያስያን ግን ያለ ርኅራኄ ተሣለቁ፤ አንዱ «ደራሲው አልዓዛርን የማስነሣት ሥልጣን ተሰጥቶታል» ብሎ ጻፈ፤ ሽልማት ሊሰጠው የነበረው ማኅበርም ጥሪውን ሰረዘ። ጊልጊያን ይህን ሁሉ አንብቦ ጋዜጣውን አጠፈና፣ «ልክ ናቸው፤ እንደ ድርሰት ከሆነ ተበላሽቷል» አለ።

በመጋቢት፣ ከቀትር በኋላ፣ በበርን ታላቅ አዳራሽ ሕዝቡ እስከ ደረጃው ድረስ ጢም ብሎ ሞላ፤ ሕግ የሚያወጣው የአገሪቱ ጉባኤ አባላትም ከፊት ተቀመጡ። ጊልጊያን ሊያነብ ተነሣ፤ ሮሲና ግን ቀደመችው። ጥቁሩን ሻሽ ዙር በዙር ፈታችው።

«ማግዳሌና የምትሉኝ እኔ ነኝ» አለች። ንግግሯ ለሩቅ ሰው ስለማይሰማ ጊልጊያን ቃል በቃል እየተቀበለ ያስተጋባላት ጀመር። «ስሜ ሮሲና ቬፍለር ነው። በሥራው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁ። አብረውኝ ከጀመሩት ዘጠኝ ሴቶች በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

አንድ ወፍራም የጉባኤ አባል ተነሥቶ፣ «እመቤቴ፣ ፋብሪካዎቹ ቢዘጉ ወገኖችዎ ምን ይበላሉ?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ማኘክ አልችልም ጌታዬ» አለች። «ልጆቻችን ግን ጥርስ አላቸው። የሚያኝኩትን እናንተ ፈልጉላቸው፤ ሹመታችሁ ለዚህ አይደለም?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ሴቶች ወንበር ላይ ወጥተው ጮኹ። ስሟን፣ ያንን ትክክለኛውን፣ ሦስት ጊዜ ጠሩት። ጊልጊያን ከጎኗ ቆሞ እንደ ልጅ እያለቀሰ ይሥቅ ነበር።

በኅዳር ወር ቢጫውን ፎስፎረስ የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ። ሸለቆው ግን አልዘመረም፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ብዙ ቤተሰብ ድንቹን እንኳ ሳይለቅም ተሰደደ። የሳሙኤልም ፋብሪካ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ጉዳት በሌለው ክብሪት እንደ ገና ተከፈተ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባቡር ወደ ሸለቆው በገባበት ዕለት፣ ተያዩ፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ተላለፉ። ጊልጊያን ሌሎች ሰባት መጻሕፍት ጽፎ በ1924 ዓ.ም. በቱን ከተማ ሞተ። ሮሲና ወደ ሸለቆው ተመልሳ ልብስ እየሰፋች እስከ 1919 ዓ.ም. ኖረች።

ታሪክ ከዚህ ሁሉ የራሱን መርጦ ያዘ። ሕጉ ቀንና ቁጥር አለው፤ ደራሲው በተወለደበት ቤት ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ድንጋይ አለው። በአገሩ ልማድ መቃብር ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተነሥቶ ቦታው ለሌላ ስለሚሰጥ፣ የሮሲና ቬፍለር መስቀል ዛሬ የለም። ልቦለዱን የሚያስተምሩ መምህራንም እስከ ዛሬ፣ «ምዕራፍ ሃያ ሁለት የሥራው ትልቁ ድክመት ነው፤ ደራሲው ለአንባቢ ጩኸት ተሸንፎ ሟቿን አስነሣ» ይላሉ፤ የተሸነፈው ለማን እንደ ነበር የጻፈው የለም።