መብራት አልነበረም

ቲቶ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ መኖ ማደባለቂያው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ሰበታ ጫፍ ላይ ያለው የመኖ ፋብሪካ ያን ቀን ሥራ አልነበረውም። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ አገርሽቶ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ እዚያው የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ቲቶ፣ ጥበቃው ኦቦ ኢተፋ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሀሰኖ እና ምክትል ሥራ አስኪያጁ ይገዙ።

ዋና ሳጅን ፈቀደ በእግሩ ነው የደረሰው። ማደባለቂያው ሁለት ሰው ቁመት ያለው የብረት በርሜል ነው። ከበሩ በላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ስትበራ ማሽኑ ኃይል አለው፤ አይገባም። ስትጠፋ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

ፈቀደ ሲደርስ መብራቷ በርታ ነበር። ታዲያ ቲቶ ለምን ገባ?

መልሱን የሰጡት ኦቦ ኢተፋ ናቸው። «ሲገባ አይቼዋለሁ። መብራት አልነበረም» አሉ።

ፈቀደ ጻፈ፦ «የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተያያዘ። ሀሰኖ ያን ጠዋት ጀነሬተር አስነስቷል። መብራት ሲሄድ ቲቶ ገባ፤ ሀሰኖ ሳያጣራ ጀነሬተሩን ለቀቀ፤ ማሽኑ ዞረ። ሀሰኖ ግን ጀነሬተሩን ማክሰኞ ማክሰኞ ለሙከራ እንደሚያስነሳው፣ ያን ቀን ኃይል ለደቂቃ እንኳ እንዳልተቋረጠ እየማለ ተናገረ። የሚሰማው አላገኘም፤ ታሰረ። በዚያ ሰሞን መብራት አልሄደም የሚልን ሰው ማን ያምናል?

ረቡዕ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ትእዛዝ ሰጠ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት መኪና ይመጣል። የሚወስደው አሥራ አንድ ወጣቶችን ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የዚሁ ፋብሪካ መጋዘን ሲቃጠል አቃጥላችኋል ተብለው የተያዙ። ሀሰኖም አብሯቸው ይሄዳል። ወዴት እንደሆነ አልተነገረም። በፊተኛው መኪና ከሄዱት ውስጥ ለቤተሰቡ የደወለ አንድም ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ራያ የምትባል ወጣት ከቡራዩ ተነሥታ፣ ሁለት ቦታ ድንጋይ ተሻግራ ፋብሪካው በር ላይ ደረሰች። አባቷ ቡራዩ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። የማደባለቂያውን መብራት ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘችው እሷ ናት። ሰው መሞቱን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«ከርነል የሚባል አለ» አለችው እዚያው ለነበረው ለፈቀደ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚታዘዝለት እምብርት በለው። መብራቷን ግን አያውቃትም። የሚያስተዋውቃቸው እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ልየው።»

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ይገዙ ወደ ባንክ ወርዶ ነበር። ራያ ኮምፒውተሩን ከፍታ ጥቁር ገጽ ላይ የተደረደሩ መስመሮችን ማንበብ ጀመረች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ማክሰኞ መብራት ሄደ ያለህ ማነው?»

«ምነው?»

«ይህ ኮምፒውተር ከተነሣ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አንዴም አልጠፋም። ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው።»

ፈቀደ ደረጃውን ወርዶ ኦቦ ኢተፋን ከበሩ ጠራቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው መጡ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ማክሰኞ መብራት አልነበረም ብለውኛል። ኢብሳ ከም? የትኛው መብራት?»

ኦቦ ኢተፋ ግራ ተጋብተው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ማደባለቂያው በር አነሡ።

«ኢብሳ ዲማ ሰና ነዋ። ያቺ ቀይዋ። ሌላ ምን ትጠይቀኛለህ ብዬ?»

ሽማግሌው ያሉት «መብራት አልነበረም» ብቻ ነው። «የኤሌክትሪክ ኃይል» ያለው የፈቀደ እስክሪብቶ ነው፤ በዚያ ቃል ሰው ታስሯል።

ፎቅ ሲመለስ ራያ ፊቷ ተለውጧል። ማክሰኞ አራት ሰዓት ከሰባት ላይ አንድ ሰው ድራይቨሩን ከከርነሉ አውጥቶታል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ማደባለቂያው ከዚሁ ቢሮ ተነሥቷል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድራይቨሩ ተመልሶ ገብቷል።

«ሲወጣ መብራቷ ምን ትሆናለች?»

«ትጠፋለች።» ድምጿ ወረደ። «እንድትጠፋ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ከክፍል ስትወጪ መብራት አጥፊ ነው፤ እናቴ አሥር ጊዜ ትጮህብናለች። እጄ ሳላስበው ጻፈው። ማሽኑ ኃይል እንዳለው ነው፤ መብራቷ ግን ትጠፋለች።»

«ማውጣቱን ማን ያውቃል?»

«እኔና አቶ ይገዙ። አንድ ቀን መብራቷ አልታዘዝ ብላ በስልክ አስተማርኩት።»

ስድስት ሰዓት ላይ ይገዙ ተመለሰ። እንግዶቹን ሲያይ ወንበር አቀረበ፤ ስለ ቲቶ አዝኖ ተናገረ፤ ሬሳውን ወደ ሀገሩ ለመላክ መንገድ እስኪከፈት እየጠበቀ መሆኑን ነገራቸው። ፈቀደ ራያን ውጭ እንድትቆይ ካደረገ በኋላ ወረቀት አወጣ።

«ማክሰኞ መብራት ሲሄድ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ኮምፒውተሩ ላይ።»

«መሄዱን እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴ ሳጅን፣ ፊቴ ላይ ነው እኮ ድርግም ያለው። የጀመርኩት ደብዳቤ ሁሉ ጠፋብኝ።»

«ይፈርሙልኛል?»

ፈረመ። ፈቀደ በሩን ከፍቶ ራያን ጠራት፤ ኮምፒውተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠፋው መቼ እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው።

ይገዙ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ኦቦ ኢተፋ ግን መብራት አልነበረም ብለዋል አሉ።»

«አልዋሹም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ስህተቴ ተመችቶዎት ተቀመጡበት።»

ከዚያ በኋላ ይገዙ ሁሉን ለመናገር ብዙ አልፈጀበትም። የመጋዘኑ አኩሪ አተር ከቃጠሎው በፊት በሁለት መኪና ወጥቶ ተሽጧል። ጆንያውን የጫነው ቲቶ ነው። ባዶውን መጋዘን ይገዙ ራሱ ለኮሰው፤ ከተማው በሙሉ እየጨሰ ስለነበር ማንም አልጠየቀም። ወጣቶቹ ሲታሰሩ ግን ቲቶ ሰላም አጣ። ለይገዙ እስከ ማክሰኞ ቀን ሰጠው። «እርስዎ ይናገሩ፤ እኔ ጌታ ፊት መዋሸት አልችልም» አለው። ማክሰኞ ጠዋት ይገዙ ማደባለቂያውን እንዲያጸዳ አዘዘው።

ሲወጡ ራያ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። አንዲት ዜሮ ሰርዛ አንድ ጻፈች። ከእንግዲህ ድራይቨሩ ሲወጣ መብራቷን አብርቶ ይወጣል።

ፈቀደ ይገዙን አስሮ ጣቢያ ሲደርስ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አዛዡ ወረቀቱን ቆሞ አነበበና ሀሰኖ እንዲወርድ አዘዘ። ሀሰኖ ወረደ።

«አሥራ አንዱም ይውረዱ» አለ ፈቀደ። «መጋዘኑን ያቃጠለው ይገዙ ነው። በቃሉ ተናግሯል።»

«የቃጠሎው መዝገብ አንተ ጋ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲህ።»

ከመኪናው ላይ፣ ከብረቱ መሀል አንዱ ወጣት ድምፁን ሳያነሣ ጠየቀ። «ሳጅን፣ የእኛስ?»

ፈቀደ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ከተጫኑት ውስጥ የሀሰኖ ስም ብቻ ነበረበት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ ከኋላው ቀይ መብራት በራ። የጣቢያው ጥበቃ ሰንሰለቱን እስኪያወርድ ድረስ እንደበራ ቆየ።

ከዚያ ጠፋ።