ሰባተኛው ውድቀት

ሟቹ ከእንጨት መሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። መሰላሉ አራት ደረጃ ብቻ ያለው፣ ልጅ እንኳ ዘልሎ የሚወርደው አጭር መሰላል ነው። ሆኖም ሽማግሌው የካርቱን ሠዓሊ ለሠላሳ ዓመታት የሚሥላቸውን ሰዎች አወዳደቅ በገዛ አካሉ እየሞከረ ያጠናበት ስለ ነበር፣ አስከሬኑን ያዩት ሁሉ መጀመሪያ ያሰቡት አንድ ነገር ነው። በስድስት ሰዓት ሬሳውን ያገኘው የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ፣ መርማሪው ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ ያሰበውን ተናገረው።

«እንደ ሣለው ሞተ። ጋዜጦቹ ይህን ሲሰሙ…» አለና ከንፈሩ ዳር የመጣችውን ፈገግታ በመሐረብ ጠረጋት።

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ በመሥሪያ ቤቱ «ቀስ በቀስ» የሚል ቅጽል የወጣለት ሰው ነው። ቁጣውም እንደ ቅጽሉ ነበር፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከመጣ በኋላ ግን በቀላሉ አይበርድም።

«ከመሰላል የወደቀ ሰው ማጅራቱን የሚመታው አንድ ጊዜ ነው» አለ። «ሐኪሙ ያገኘው ሁለት ምት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የወረቀት መጫኛ ብረት ደግሞ ገና ከሱቅ እንደ ወጣ ዕቃ ተወልውሏል። ፈገግታዎን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ኪሱ ከተተ።

ከሥሩ መብራት በሚበራው የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ ስምንት ወረቀቶች ተደራርበዋል። በወረቀቶቹ ላይ አንድ ቦርጫም ዘበኛ ጣሪያ ላይ የወጣች ዶሮ ሊይዝ እጁን ዘርግቶ፣ እግሩ ከመሰላል እየተነሣ ይታያል። አራት ደቂቃ የምትፈጅ አስቂኝ ፊልም ናት፤ ዘበኛው ሰባት ጊዜ ይወድቃል። ስድስቱ ውድቀቶች ተሠርተው አልቀዋል። ሰባተኛውን ሽማግሌው አንድ ወር ሙሉ እያሰላሰለ አንዲት መስመር ሳይሥል ቆይቷል።

«ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ስብሰባ ስሄድ ይህ ጠረጴዛ ባዶ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እርሱ በሰዓት ስድስት ወረቀት ይሥላል፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፣ ማንንም ይጠይቁ። ዐሥራ ስምንት ወረቀት ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበረ። በአምስት ሰዓት ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ከሴት ልጁ በቀር ማንም አልነበረም። ጠዋት ስትጮኽበት ከደጅ ተሰምቷል።»

ሐኪሙ በበኩሉ ሞቱን ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጎታል፤ ከዚያ ሊያጠብበው አልቻለም። ያጠበቡት ወረቀቶቹ ናቸው። የመርማሪው አለቃም በስልክ ይህን ሲሰማ ነገሩ አለቀለት።

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ? እስከ አሥር ሰዓት ልጅቷን ይዘሃት ና።»

መርማሪው ስልኩን ዘጋ። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል።

የሟቹ ልጅ ከሥዕል ክፍሉ ጋር በግድግዳ በሚዋሰነው የቀለም ክፍል ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ የአባቷን ሥዕሎች የምትቀባው እርሷ ናት። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ቢጫ ቀለም አለ። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

«ሊወስዱኝ ነው የመጡት?»

«ልጠይቅሽ ነው ልጄ። ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«የዶሮዋን ቀለም አሳየሁት። ‹ጎበዝ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጮኽሁበት። ‹ጎበዝ አትበለኝ› ብዬ።»

መርማሪው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«አባቴን ስለማያውቁት ነው» አለች። «ተስፋ የቆረጠበትን ሥራ ያመሰግናል። ‹ጎበዝ› ይልና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ በቃ፣ እዚያው ይቀራል። ተስፋ ያየበትን ግን ‹አላሳቀኝም› ብሎ ይመልስልዎታል፤ ከዚያ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ አብሮዎት ያፈርሰዋል። እኔ በሕይወቴ ‹አላሳቀኝም› የተባልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።»

«ከጠቡ በኋላ የት ሄድሽ?»

«ሁለት ተኩል ላይ ወጣሁ። ወረቀት መሸጫው ነበርኩ፤ ባለሱቁን ይጠይቁት፣ ስጨቀጭቀው ነው ያረፈድኩት። በር ላይ የአባቴን ተማሪ የወረቀት ማኅደር በብብቱ ይዞ ሲገባ አገኘሁት፤ ፊቱ ፈክቶ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ተመለስኩና እዚህ ገብቼ አኮረፍኩ። ይህ ግድግዳ ብቻ ነው የለየን። ይመጣል፣ በሩን ይቆረቁራል ብዬ ጠበቅሁት።» ግድግዳውን በመዳፏ ነካች። «ለካ የማኮርፈው ሬሳ ላይ ኖሯል።»

መርማሪው አንገቱን ደፋ። «አሠራሩን ንገሪኝ፤ አንድ ውድቀት ለመሥራት ከየት ይነሣል?» አላት።

«ከመጨረሻው።»

«ከመጨረሻው?»

«መጀመሪያ በመሰላሉ ላይ ራሱ ይወድቃል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ባለችው መስተዋት ፊቱን እያጣመመ ያጠናል። ከዚያ የመጨረሻውን ፊት፣ የወደቀውን ሰው ፊት፣ ይሥልና ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ያ ሳይሰቀል ሌላ ወረቀት አይነካም። ‹ሰው የሚስቀው በመውደቁ አይደለም፤ መውደቁን አውቆ ገና ባልወደቀባት ቅጽበት ነው፤ መድረሻውን ያላወቀ ያቺን ቅጽበት አይለካትም› ይለን ነበር። ከመጨረሻው በኋላ የመጀመሪያውን ይሥላል። የመካከሉን ለተማሪው ይተውለታል።»

ተማሪው «ተማሪ» ይባል እንጂ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጠጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው ነው። ዐሥራ አራት ዓመት የመካከሉን ሲሞላ ኖሯል። የእርሱን መስመር ከሽማግሌው መስመር ለይቶ መናገር እስከማይቻል ድረስ እጁ ለምዷል። መርማሪውን በረጋ ድምፅ ተቀበለው።

«በሦስት ሰዓት ነው የወጣሁት። ስወጣ ስድስተኛው ወረቀት ላይ ነበር። ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ከድምፅ ባለሙያው ጋር በቀረጻ ክፍል ውስጥ ነበርን።»

«ስምህ በፊልሞቹ ላይ የት ይጻፋል?»

«‹ረዳቶች› ከሚለው ሥር» አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ግን ያከብረኝ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያሳየሁትን ሁሉ ‹ጎበዝ› ነበር የሚለኝ።»

መርማሪው ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን አቆመ።

ወደ ሥዕል ክፍሉ ተመልሶ ብቻውን ቆየ። በግድግዳው ላይ ሰባት ምስማሮች በተርታ ተመትተዋል። በስድስቱ ላይ ስድስት ፊቶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ጥርሱ የረገፈ፣ አንዱ ባልዲ ያጠለቀ፣ አንዱ አፉ ላባ የሞላ። ሰባተኛው ምስማር ባዶ ነው። የቆሻሻ ቅርጫቱን አየ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ በአንድ ተኩል ባዶ እንዳደረገችው ነው። መቅረጫዋን ከፈተ፤ የእርሳስ ቅራፊ የለባትም። መዳፉን በጠረጴዛው ላይ አሳለፈ፤ የላጲስ ፍርፋሪ አልያዘም።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አራቱም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ልጅቷ፣ ተማሪው፣ ሥራ አስኪያጁና የድምፅ ባለሙያው።

«ልጄ፣ እስቲ ወረቀቶቹን አገላብጭልን» አለ መርማሪው።

ልጅቷ ዐሥራ ስምንቱን ወረቀት በአውራ ጣቷ አስፈተለከቻቸው። ዘበኛው ዶሮዋን ተመለከተ፣ እግሩን ወደ ባዶ አየር ሰነዘረ፣ ቆመ፣ ወደ ታች አየ፣ ቦርጩን በሁለት እጁ ደገፈው። የድምፅ ባለሙያው ሳያስበው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ።

«ይቅርታ» አለ። «አመለጠኝ።»

«ይቅርታ አያስፈልግም። አስቂኝ ነው። ሟቹ ግን አልሣለውም።»

መርማሪው በዝግታ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ቀጠለ።

«እነዚህ ከአንድ እስከ ዐሥራ ስምንት በተርታ የተሣሉ ናቸው፤ መጨረሻ የላቸውም። እርሱ መጨረሻውን ሳይሰቅል ወረቀት አይነካም፤ ምስማሩ ደግሞ ይኸው ባዶ ነው። ሰው ለአንድ ቀን ልማዱን ይተዋል እንበል። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስት ሰዓት ቢሣልበት የሚቀር አንድ የላጲስ ፍርፋሪ፣ አንድ የእርሳስ ቅራፊ የለም። ወረቀቶቹ ሌላ ቦታ ተሥለው፣ አልቀው ነው የመጡት። እንግዲህ ሟቹ እስከ አምስት ሰዓት መኖሩን የነገረን ምንድን ነው? እነርሱ ብቻ። እነርሱ ከወደቁ፣ ሞቱ ዘግይቶ እንዲመስል የፈለገ ሰው አስቀምጧቸዋል ማለት ነው፤ ሞቱም ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለትና ሦስት ሰዓት መካከል ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ሥራ አስኪያጁን ዐሥራ ሁለት ሰዎች ስብሰባ ላይ አይተውታል። የድምፅ ባለሙያው ከማለዳ ጀምሮ ከሠራተኞቹ ጋር ነበር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሟቹን በሕይወት ማየቱን ተማሪው ራሱ ነግሮኛል፤ እርሷን ደግሞ ባለሱቁ አስታውሷታል፤ ዳግመኛ እንዳትመጣበትም ለምኖኛል።»

ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞረ።

«ተማሪው አንተ ዘንድ ሲመጣ ማኅደር ይዞ ነበር?»

«ባዶ እጁን ነው የመጣው። የድምፅ ወረቀቱን እንኳ ረስቶት አሹፌበታለሁ።»

«በር ላይ ግን በብብቱ ማኅደር ነበረው። ማኅደሩ ባይገኝም፣ በውስጡ የነበረው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ ይኸው። ‹ስወጣ ስድስተኛው ላይ ነበር› ያለኝም እርሱ ብቻ ነው።»

«ማኅደር የያዘ ሁሉ ገዳይ ነው?» አለ ተማሪው። ፊቱ አልተለወጠም። «የማን እጅ መሆኑን በምን ያረጋግጣሉ? መስመሩ የእርሱ ነው።»

«ልክ ነህ፤ መስመሩ አይለይም» አለ መርማሪው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰ። «ሠዓሊው ካልታወቀ ይህ በማን ስም ይወጣል?»

«በሟቹ ነዋ። ከሠራቸው ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ልፋቱ መደምደሚያ ብለን እናወጣዋለን። በአንድ ስም፣ በርሱ ብቻ።»

ተማሪው ወረቀቶቹን አየ። የመንጋጋው ሥር ተንቀሳቀሰ፤ አንገቱ ቀላ። መርማሪው አልገፋውም፤ ጠበቀው።

«የኔ ናቸው» አለ ተማሪው።

ሥራ አስኪያጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ሦስት ወር ቤቴ ውስጥ የሣልኳቸው፣ የኔ ናቸው። ይህንን እንኳ አይወስድብኝም። ዐሥራ አራት ዓመት መካከሉን ሞላሁለት፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከመጀመሪያ ጀምሬ ሠራሁ። አገላበጠውና ‹አላሳቀኝም› አለኝ። ለዐሥራ አራት ዓመት ጎበዝ ሲለኝ የኖረ ሰው።»

ልጅቷ ተነሣች።

«ጎበዝ ያለህ ስለ ተወህ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ተስፋ ቆርጦብህ ነበር። ‹አላሳቀኝም›ን እኔ ልጁ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። ዛሬ ጠዋት ሠዓሊ አደረገህ፤ አንተ ገደልከው።»

መርማሪው ክንዱን ሲይዘው ተማሪው አልታገለም። በሩ ላይ ደርሶ ወደ ሰባተኛው ምስማር ዞረ።

«ቁጭ በል አለኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። «‹ቁጭ በል፣ መጨረሻውን አብረን እንፈልግለት› አለኝና ወደ ምስማሩ ዞረ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ብረቱ እጄ ውስጥ ነበር።»

ልጅቷ ዐሥራ ስምንቱን ወረቀት ሰበሰበች። ወደ መሳቢያው አልወሰደቻቸውም። ጠረጴዛው ላይ፣ በአባቷ ወንበር ፊት መልሳ አስቀመጠቻቸውና መብራቱን አጠፋች።